ቬኒስ በቤድፎርድ

ጋሼ ነጋሽ ሰው ሲፈልጉ ስልክ አይደውሉም፤ ራሳቸው ከች ይላሉ። ያን ሐሙስም አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የምታስተምረው ምሥራቅ ከክፍል ስትወጣ፣ የመኪናዋን መውጫ ዘግተው ፓርክ አድርገው፣ መስኮታቸውን አውርደው፣ በረዶ የሞላበት ሻያቸውን እየማጉ ጠበቋት። የፓርኪንጉ ጠባቂ ቲኬት ሊጽፍባቸው ሁለቴ መጥቶ ሁለቴም አሳስቀው መልሰውታል። እንዲህ ናቸው፤ ሰው ይወዳቸዋል፣ እሳቸውም መወደዳቸውን አሳምረው ያውቃሉ።

«ነይ ግቢ ልጄ፣ ኤሲ ከፍቻለሁ» አሏት።

ገባች። ምን ታድርግ? እሷንና እናቷን ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ ስፖንሰር ሆነው ያመጧቸው እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ጃኬቷን የገዙላት እሳቸው፣ ኮሌጅ ስትገባ «ተማሪ፣ አንቺ ብቻ ተማሪ!» ብለው ከጎኗ የቆሙት እሳቸው፣ እናቷ ስታርፍም ቀብሩን ከላይ እስከ ታች የያዙት እሳቸው። ለእንዲህ ያለ ሰው እምቢ የሚል አፍ ምሥራቅ ኖሯት አያውቅም።

«እሑድ የማኅበራችን ስብሰባ ነው፤ ቤድፎርድ፣ አዳራሽ ተከራይተናል። ንግግር ታደርጊልናለሽ።»

«ስለ ምን ጋሼ?»

«ስለ ቬኒስ ነዋ! የምታስተምሪው እሱን አይደል?»

እዚህ ላይ ስለ ማኅበሩ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። በዳላስና በፎርትዎርዝ ዙሪያ ያሉ ያገራችን ባለሱቆች ድሮ በየፊናቸው ከትልልቅ አስመጪዎች ነበር የሚገዙት። የተሰጣቸውን ይወስዳሉ፣ የተጠየቁትን ይከፍላሉ፣ አቧራ የጠጣ በርበሬ ሲመጣባቸውም ዝም ነው። አንድ ቀን ምርር ብሏቸው «ለምን በጋራ አንድ ኮንቴይነር አንሞላም?» ተባባሉና ሞሉ። ዛሬ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ኮረሪማው፣ ነጠላው ከጅቡቲ ሂውስተን በመርከብ፣ ከሂውስተን ዳላስ በትራክ እየመጣ፣ ያኔ የናቋቸው አስመጪዎች ራሳቸው ደጅ ይጠኗቸዋል።

ታዲያ በማኅበሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። ገንዘብ የሚያወጣው «ኪስ» ይባላል። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ይጓዛል፤ ሥራውን ጥሎ አዲስ አበባ ገብቶ ዕቃ ይመርጣል፣ ጅቡቲ ወርዶ በዚያ ሐሩር ከትራንዚተር ጋር ይጨቃጨቃል፣ ኮንቴይነሩ እስኪታሸግ ድረስ ዓይኑን ከዕቃው ላይ አያነሳም። እሱ «እግር» ይባላል። ሦስት ጊዜ የሄደ እግር ኪስ ይሆናል። ኮንቴይነሩ ውስጥ የራሱ ቦታ፣ ስብሰባው ላይም የራሱ ድምፅ ይኖረዋል ማለት ነው። የትም አልተጻፈም፤ ግን ማንም አፍርሶት አያውቅም። ከባለሱቆቹ ግማሹ እንዲያ ነው የገባው።

«ዩቲዩብ ላይ አይቼ ጉድ አልኩ» አሉ ጋሼ ነጋሽ። «እርሻ የላት፣ ንጉሥ የላት፣ ረግረግ ላይ የተተከለች ከተማ! በንግድ ብቻ ስንቱን ንጉሥ አንበረከከች! እኛ ማለት እኮ ነን። ሶ፣ በመጨረሻ ምን አደረጉ? በሩን ዘጉት። የነበረው ቤተሰብ ይበቃናል አሉ። እኔም እሑድ የማቀርበው እሱን ነው። አባልነቱ ባለው ሰው ይዘጋ። ከእንግዲህ ኪስ ኪስ ነው፣ እግርም እግር። አንቺ ደግሞ፣ ማለቴ፣ በታሪክ ደግፈሽ ትቋጭልኛለሽ።»

ምሥራቅ ዞራ አየቻቸው። «ጋሼ፣ ፍሬስ?»

ፍሬ የአክስቷ ልጅ ናት። ዴንተን ከተማ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ረዳት ነበረች። «ነበረች» ያልኩት፣ ለመጀመሪያው ጉዞ ስትሄድ ከስኬጁል አውጥተዋት ሥራዋ በዚያው ስለቀረ ነው። ለሁለተኛው ስትሄድ ልጇን ጎረቤት ዘንድ ጥላ ነው። ሰኞ ደግሞ ለሦስተኛው ልትበር ሻንጣዋን ሸክፋለች። ዴንተን ውስጥ፣ ተማሪዎቹ በሚበዙበት ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይታ ግድግዳውን በገዛ እጇ ቀብታለች፤ መደርደሪያው ባዶውን ቆሞ ዕቃዋን ይጠብቃል። ከሦስተኛው ጉዞ በኋላ የሚመጣውን፣ የራሷን ዕቃ።

«ፍሬማ ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ ጋሼ ነጋሽ ሻያቸውን እያማሰሉ። «አበሏን እናሻሽልላታለን።»

አበል! ሰው ዓይኑን በጨው ታጥቦ እንዲህ ይላል? ምሥራቅ ይኼ ሁሉ በሆዷ ተመላለሰ፤ ከአፏ የወጣው ግን «እሺ ጋሼ» ብቻ ነበር። መኪናቸውን አንቀሳቅሰው መንገዱን ሲለቁላት እጃቸውን አውለበለቡላት፤ እሷም አውለበለበች። ከዚያ መሪዋን ይዛ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» እያለች በገዛ ራሷ ድምፅ ስታሾፍ ቆየች። ቤቷ ገብታም እሳቸው እንዳሉት አድርጋ ጻፈችው። መጨረሻው ላይ «በሩን ዘጉና ኃያል ሆኑ» የሚል አረፍተ ነገር አስቀመጠች። ስታነበው አፏን መረራት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ወደ ቤድፎርድ ጎረፈ። አዳራሹ ሃይዌይ 183 ዳር፣ ከጎማ ቤት ጎን ያለ ነው። ፍሬ ከዴንተን መጥታ የምግብ ትሪ ከመኪናዋ ስታወርድ ምሥራቅ ደረሰችባት። በስብሰባ ቀን ምግብ የሚያቀርቡት እግሮቹ ናቸው፤ ይኼም የትም አልተጻፈም።

ምሥራቅ ከዚያ በላይ መሸከም አልቻለችም፤ ሁሉንም ዘረገፈችላት። ፍሬ ትሪውን እንደያዘች አዳመጠቻት። አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ትሪውን መኪናዋ ጣሪያ ላይ አኖረችው።

«ምሥሬ፣ አንቺ ታዲያ ምን ልትዪ ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«እንጃ? ዶክተር ሆነሽ እንጃ?»

«ፍሬ፣ እሳቸው እኮ ለእኛ…»

«አውቃለሁ ምን እንዳደረጉላችሁ። እኔንም ሲያዩኝ ‹ልጄ› ነው የሚሉኝ።» ትሪውን መልሳ አነሳችው። «ላንቺ የምነግርሽ የለኝም። እኔ ግን ሄጄ እግራቸው ላይ አልወድቅም። ገብቼ ከኋላ ቆሜ እሰማሻለሁ።»

ከዚህ ይልቅ ብትሰድባት ይሻል ነበር።

ጸሐፊው ጥዑመልሳን ማይክራፎኑን ጨበጠ። ስም ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም፤ ሲናገር ማር ነው፣ ችግሩ ማሩ አያልቅም። ምሥራቅን «የዕውቀት ፋና፣ የጥበብ እመቤት፣ የጋሼ ነጋሽ የእጃቸው ፍሬ» እያለ ካወደሳት በኋላ፣ ሰዉ ለሽ ሊል ሲል ጋበዛት።

ጀመረች። ጨው ከባሕር እያወጡ፣ ዓሣ እያጠመዱ ስለኖሩት ሰዎች ነገረቻቸው። የሚያርሱት መሬት ስለሌላቸው ስንዴውንም እንጨቱንም ከሰው ደጅ ማምጣት ነበረባቸው፤ ስለዚህ መርከብ ሠሩ። የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ጠላት ሲነሣበት መርከባቸውን ይዘው ደረሱለት፤ ዋጋውን ሲጠይቃቸው ግን «ወርቁ ይቅርብን፣ በአገርህ ያለ ቀረጥ እንነግድ» አሉት። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ነጋዴዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ቀረጥ የሚለውን ቃል ለእነሱ ማንም አይተረጉምላቸውም።

«ንጉሥ አልነበራቸውም» አለች ምሥራቅ። «መሪያቸውን የሚያወጡት በዕጣም በድምፅም ነው። ዶጄ ይሉታል።»

«ዶጅ?» አለ ሌሊሳ ከመሐል። ሌሊሳ ኮንቴይነሩን ከሂውስተን የሚያመጣው ሾፌር ነው፤ እሱም ኪስ ነው። «መኪናው?»

«ዶ-ጄ!»

«ኦኬ፣ ኦኬ። እኔማ ያኔም ፒክአፕ ነበር ወይ ብዬ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ነጋሽም ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ምሥራቅም ስትስቅ ፍርሃቷ ትንሽ ለቀቃት።

«ይኼ ዶጄ» ብላ ቀጠለች፣ «እንዳሻው እንዳይሆን እጁን አስረውታል። ከውጭ ንጉሥ የመጣ ደብዳቤ እንኳ ብቻውን መክፈት አይችልም። ዋናው ጉልበታቸው ግን መሪው አይደለም። አንድ ውል ነበራቸው፤ ኮሌጋንዛ ይሉታል። አንዱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ገንዘቡን ያወጣል። ሌላው ገንዘብ የለውም፣ ግን ወጣት ነው፣ ባሕር ይሻገራል፣ ማዕበሉን፣ ሽፍታውን፣ የባዕድ አገር ሹሙን ይጋፈጣል። ሲመለስ ትርፉን ይካፈላሉ። ባዶ እጁን የወጣ ልጅ ከጥቂት ጉዞ በኋላ በተራው ሌላውን ይልካል። ከዚያም አልፎ ምክር ቤት ይገባል።»

«ኪስና እግር!» አሉ እትዬ ዓለምጌጥ ሳይታወቃቸው ጮክ ብለው። እትዬ ዓለምጌጥ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ ትልቅ ሱቅ አላቸው፤ ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። «በሞቴ! ኪስና እግር እኮ ነው!»

«አዎ እትዬ፣ ኪስና እግር ነው።»

ሰዉ አጨበጨበ። ሲያጨበጭቡ ፊታቸው እንዴት እንደበራ! አገር የሌለው ስደተኛ የፈጠራትን ነገር፣ ባሕር የገዙ ሰዎችም ፈጥረዋት ኖሯል። ምሥራቅ ቀና ስትል ፍሬን አየቻት፤ ከኋላ ግድግዳው ጋ፣ ከሌሎቹ እግሮች ጋር ቆማለች። እሷ አላጨበጨበችም።

ቀጣዩ ገጽ የመጨረሻው ነው። «በሩን ዘጉና…» ይላል። ጋሼ ነጋሽ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው፣ እንደ አባት ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። ምሥራቅ የናቷ ቀብር ታያት፣ ጃኬቱ ታያት፣ «አንቺ ብቻ ተማሪ» ያሉት ታያት። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ከዚያስ ምን ሆነ መሰላችሁ? በዚያ ውል የከበሩት ሰዎች ዞር ሲሉ አዲስ ሰው እየመጣ ነው። ትናንት እነሱ በገቡበት በር ዛሬ ሌላው ሲገባባቸው አንገሸገሻቸው። ከምክር ቤቱ የነበረው ቤተሰብ ብቻ ይግባ፣ ሌላው በቃው አሉ። እያደርም ዋና ዋናውን ንግድ ለራሳቸው አደረጉት።»

«ኃያልም ሆኑ!» አሉ ጋሼ ነጋሽ ከወንበራቸው። «ቋጪው ልጄ።»

«ኃያል የሆኑት ሳይዘጉ በፊት ነው ጋሼ።»

ጋሼ ነጋሽ ፈገግታቸውን ሳያጠፉ ጥዑመልሳንን በዓይናቸው ጠቀሱት፤ ማይክራፎኑ ሞተ። ሞኞች! መቶ ተማሪ ያለ ማይክራፎን የምታስተምር ሴት እኮ ናት። ምሥራቅ ከመድረኩ ጫፍ ቀርባ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ኃያል ያደረጋቸው ያ ባዶ እጁን የወጣው ልጅ ነው! ባሕሩን የሚያውቀው እሱ ነበር። ከተማዋን ያቆማት እሱ ነበር። እሱን ነው የዘጉበት!»

ጋሼ ነጋሽ ተነሡ። እንደዋዛ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «እኔም አንብቤያለሁ!» አሉ። «ከዘጉ በኋላ አምስት መቶ ዓመት ኖራለች! አምስት መቶ! እውነት ነው ውሸት?»

ሰዉ ምሥራቅን አየ። መዋሸት ትችል ነበር፤ እዚያ ማን ያውቅባታል?

«እውነትዎን ነው ጋሼ። ኖራለች።»

ጭብጨባው ደመቀ። ጋሼ ነጋሽ ወደ ሰዉ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። ምሥራቅ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀች።

«ማን ኖረባት ነው ጥያቄው። የእግሮቹ ልጆች እግር ሆነው ቀሩ። እየቆየ ደግሞ የከበሩት ቤተሰቦች ባሕሩን ሰለቹት፤ የእርሻ መሬት ገዝተው ቁጭ አሉ። አባቶቻቸው በምን እንደከበሩ የልጅ ልጆቻቸው ረሱት። እናንተ ግን ለመርሳት የልጅ ልጅ አላስፈለጋችሁም። እዚህ ከተቀመጣችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ በእግር የገባችሁ? ጋሼ፣ እርስዎ የመጀመሪያው እግር አልነበሩም?»

ይኼ ነካቸው። ከወጣቶቹ ብዙዎቹ አያውቁም ነበር። ጋሼ ነጋሽ ያኔ በሰው ሱቅ ሣጥን ተሸካሚ ሆነው፣ በእነ እትዬ ዓለምጌጥ ገንዘብ ጅቡቲ ወርደው፣ ወባ ይዟቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ፊታቸው ጥቁር አለ።

«ንግግሩ አልቋል» አሉ። «ድምፅ እንስጥ። ይዘጋ የምትሉ እጅ!»

ታሪክ አዋቂ መሆን እዚህ ጋ ምንም አይረባም። ከኪሶቹ ግማሹ የጋሼ ነጋሽ የክርስትና ልጅ ነው፤ የቀረው በልጁ ሠርግ ላይ ሽማግሌ ሆነውለታል። ዓይን ዓይናቸውን እያዩ እጆች አንድ በአንድ ወጡ። እትዬ ዓለምጌጥም ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ አወጡ። ሌሊሳ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቀረ፤ እሱና ጥቂት ሰዎች ብቻ። ጥዑመልሳን ቆጥሮ ሲያበቃ «በአብላጫ ድምፅ ተዘግቷል» አለ፤ ለአንዴ እንኳ ማር አልጨመረበትም።

ምሥራቅ ተናገረች፣ ጮኸች፣ ተሸነፈች። ከዚህ በኋላ ጋሼ ነጋሽ ቤት የፋሲካ ዕለት እንደማትጠራ ያን ጊዜውኑ ገባት።

«ጥሩ» አሉ ጋሼ ነጋሽ፤ መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። «አሁን ወደ ሥራችን። ዕቃው ጅቡቲ ገብቷል። ፍሬ፣ ነገ ትበሪያለሽ፤ ወረቀቱን ከጥዑመልሳን ተቀበዪ።»

«አልሄድም» አለች ፍሬ።

«ምን አልሽ?»

«አልሄድም ጋሼ። ኪሳችሁ ይሂድ።»

አንዳንዱ ሳቁ አመለጠው። ጋሼ ነጋሽ አንገታቸውን አዙረው ከፍሬ ጎን የቆመውን ልጅ አዩት። «እሺ አንተ ሂድ» አሉት። ጎረምሳው ጫማውን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ያለችዋን አዩ፤ እሷ ደግሞ ሳትጠየቅ «እኔም አልሄድም» አለች። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት ሁሉ አንድም የሚነቃነቅ ጠፋ። ሌሊሳም ከመሐል ሆኖ «ሂውስተን ድረስ እኔ አለሁ፤ ከባሕሩ ማዶ ግን ትራክ አይነዳም» አለ።

ዕቃው ሐሩር ላይ ነው። በርበሬው ይበላሻል፣ ለወደቡም በየቀኑ ይከፈላል። ባለሱቆቹ ሁሉ ይኼን ያውቃሉ፤ ጉርምርምታው ከወንበር ወደ ወንበር ሄደ። ጋሼ ነጋሽ ግን እንደዋዛ የሚረቱ ሰው አይደሉም ብያችኋለሁ። ክራቫታቸውን አላሉ፣ ደረታቸውን ነፉ።

«እኔ ራሴ እሄዳለሁ!» አሉ። «ምን አላችሁ? ነጋሽ ዛሬም እግር አለው!»

ይኼን ሲሉ፣ እውነቴን ነው፣ አማረባቸው። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሊያጨበጭብ ሁሉ ቃጣው።

ፍሬ ግን መሐል ለመሐል ወደ ፊት መጣች። የምግብ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። «ይሂዱ ጋሼ፣ ቀናውን ያድርግልዎ» አለቻቸው፣ ድምጿን ሳታነሣ። «ሙቀቱን ያስታውሱታል መቼም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ። እኔ ሁለቴ ሄጃለሁ። ከእንግዲህ ግን የሄደ ሁሉ፣ ሦስቴም ቢሄድ፣ አሥሬም ቢሄድ፣ ተመልሶ የሚቆመው እዚያ ነው።» ግድግዳውን አሳየቻቸው። «ያኔ ከጅቡቲ ታመው ሲመለሱ እትዬ ዓለምጌጥ እንዲህ ቢዘጉብዎ ኖሮ፣ ዛሬ የእኔን ትሪ የሚይዙት እርስዎ ነበሩ።»

እትዬ ዓለምጌጥ ከወንበራቸው እየተቃተቱ ተነሡ።

«ጥዑመልሳን» አሉ። «እጄን አውርጃለሁ።»

«እትዬ፣ ድምፁ እኮ ተቆጥሮ…»

«የራሴ እጅ አይደለም እንዴ? አውርጃለሁ አልኩህ! ያኔ ነጋሽን ማንም ሳያምነው የላክሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ ይቺን ልጅ እልካለሁ። ስትመለስም ቦታዋ ከእኔ ጎን ነው፤ የማይስማማው አሁኑኑ ይንገረኝ!»

ከጎናቸው የተቀመጡት ሰውዬ «የእኔንም ሰርዘው» አሉ። ቀጥሎ ሌላው። ጥዑመልሳን እስክሪብቶውን ይዞ መጻፉንም መሰረዙንም እየተወ ይቁለጨለጭ ጀመር፤ ከየወንበሩ «እኔንም! እኔንም!» የሚለው ድምፅ ሲበዛበት «በሩ አልተዘጋም!» ብሎ ጮኸ። ከኋላ እልልታ ቀለጠ። ፍሬ አሁን ነው ያለቀሰችው፤ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ።

ጋሼ ነጋሽ በዚያ ሁሉ ሁካታ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ቀስ እያሉ ወደ መድረኩ፣ ምሥራቅ ወደቆመችበት መጡ። ድንገት ያረጁ መሰሉ። አንጀቷን በሏት፤ ግን ቦታዋን አልለቀቀችም።

«ምሥራቅ» አሉ፣ ‹ልጄ› ሳይሉ። «ከዚያ ካምፕ ያወጣሁሽ፣ ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?»

«አዎ ጋሼ» አለች፣ ዓይናቸውን እያየች። «ለዚህ ነው።»